የዬሲድ እናት ስም

ዬሲድ ሴትዮዋን የጠረጠራት ገና የፊቱን በር ከፍታ ስትገባ ነው። ቦጎታ ውስጥ በአፕ ተሳፋሪ የሚጭን ሰው ትራፊክ ከያዘው መኪናው ተጎትቶ ይታሰራል። ስለዚህ ተሳፋሪው ዘመድ መስሎ ከፊት እንዲቀመጥ ይለመናል። ይቺ ግን ማንም ሳይለምናት ዘው አለች! ስልኩ ላይ ስሟ ዶኛ ሄርሲሊያ ይላል።

"ደህና አደርክ ልጄ? ያው አክስትህ ነኝ አይደል?" አለች ቀበቶዋን እያሰረች።

"አዎ እትዬ።"

"እሺ፣ እናትህ ማን ትባላለች?"

ኧረ ተይ! ጓደኛውን በቀደም ያስያዘው እኮ ተሳፋሪ መስሎ የገባ ሲቪል ለባሽ ትራፊክ ነው። መኪናዋ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ንብረት ናት፤ ከተያዘች ሥራውም አለቀ፣ ቤቱም ሰላም የለም። ታዲያ የእናቱን ስም ለዚች? አይሞክራትም!

"ኔልሲ" አላት።

"የት ነው የምትኖረው?"

"ሶአቻ። የበቆሎ ቂጣ፣ አሬፓ ትሸጣለች።"

"ወይ እህቴ! ለእኔ አንድ ቀን እንኳን አትልክም?" ብላ ተንከተከተች።

ዬሲድ አልሳቀም። አሳሳቋ ራሱ የፖሊስ ነው አለ በሆዱ።

ድልድዩ ጋ ሁለት ትራፊኮች አስቆሟቸው። አንደኛው ሴትዮዋን አውርዶ ወደ ዳር ወሰዳት። ሌላኛው መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ፣ "ሴትዮዋ ምንህ ናት?" አለው።

"አክስቴ። የእናቴ እህት።"

"የእናትህ ስም?"

ዬሲድ ዞር ብሎ አየ። ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከትራፊኩ ጋር ትስቃለች። በቃ፣ ባልደረቦች ናቸው! አሁን ከዋሸ ደግሞ ሊብስበት ነው።

"ሮሳልባ። ቱንሃ ነው የምትኖረው" አለ፣ እውነቱን።

ያኛው ትራፊክ እየተፍለቀለቀ መጣ። "እህቷ ኔልሲ ናት፣ ሶአቻ፣ አሬፓ ነጋዴ!"

"ጌታው፣ ስንት እናት ነው ያለህ? ቁልፉን ወዲህ በል።"

ጎታቹ መኪና ሲመጣ ዝናቡ ጠንክሯል። ዶኛ ሄርሲሊያ ጃንጥላዋን ለሁለታቸው ያዘች።

"ልጄ፣ እኔ ያልከኝን ነው ያልኩት። በፊት አንዱን ሹፌር የእናቱን ስም ሳልጠይቅ አስበላሁት። ከዛ ወዲህ ሁሉን አጥንቼ ነው የምገባው። ምነው ዋሸኸኝ?"

የዬሲድ ስልክ ጮኸ፤ የሚስቱ ወንድም ነው።

"ምን ልትለው ነው?" አለችው።

ዬሲድ ስልኩን ወደ ደረቱ ሸሸግ አድርጎ በጎን አያት።

"እርስዎ ደግሞ ለምን ጠየቁኝ?"