ከመዝገብ የተሰረዘችው ወፍ

የጠፉ ዕቃዎች ክፍል የሚገኘው በባቡር ጣቢያው ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ረጅም ክፍል ነው፤ ያሉት መስኮቶች ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ በእነሱ የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ የእግሮቹ ጥላ በመደርደሪያዎቹ፣ በጃንጥላዎቹና በሻንጣዎቹ ላይ ይራመዳል። የክፍሉን መዝገብ ወደ አዲስ ኮምፒውተር እንድታሻግር የተላከችው ፕሮግራመር መጀመሪያ የወረደች ዕለት፣ ለምን እንደመጣች ረስታ ጥላዎቹን እያየች ቆማ ቀረች።

«ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚሆነው» አሏት የክፍሉ ኃላፊ። «ቁጭ በይ ልጄ።»

ኃላፊዋን ጣቢያው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ባቡር ላይ የረሳውን ሁሉ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንኳ ሳይቀር፣ በአንድ ፕሮግራም ሲመዘግቡ ኖረዋል። አሁን ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ሥራውን አቁሟል። ፕሮግራሙ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም፤ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ዛሬ ልቁም ነገ ልቁም እያለ ነው። አርባ አንድ ሺህ መዝገብ ወደ አዲስ የመረጃ ቋት፣ ወደ ዳታቤዝ፣ መሻገር ነበረበት።

«ጡረታ እኔን ጠብቆ ቢወጣ ምን ነበረበት?» አሉ እትዬ ኮምፒውተሩን እያዩ። «ቀደመኝ።»

መዝገቡ የተቀመጠው ድርጅቱ ብቻ በሚያውቀው አጻጻፍ ነው። ፕሮግራመሯ መፍቻውን ከባዶ ልሥራ ብትል ወራት ይፈጅባታል። ስለዚህ ሌላ ሰው ቀድሞ የሠራውን ፍለጋ ገባች። በዓለም ላይ ኮድ ጽፈው፣ ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያየውና እንዲያርመው በነጻ ክፍት አድርገው የሚተዉ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለውን የኮድ ስብስብ የሙያው ሰዎች ላይብረሪ ይሉታል።

የመጀመሪያው ላይብረሪ ብዙ ሺህ ሰው ያመሰገነው ነበር። ፋይሉን ከፈተው፤ ፊደሉን ግን በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ለወጠው።

«እሱም የማን ዕቃ ነው እያለ ነው?» አሉ እትዬ በትከሻዋ በኩል አይተው።

ሁለተኛው ፊደሉን አወቀ፣ ቀኑን ግን ሳተ። ጃንጥላዎቹ ሁሉ ባቡር ባልተፈለሰፈበት ዘመን የጠፉ ሆነው ቁጭ አሉ።

ሦስተኛውን ያገኘችው በአራተኛው ቀን ነው፤ ማንም ገልጦ በማይደርስበት የፍለጋ ገጽ ላይ። ለስድስት ዓመት የነካው ሰው የለም። ጸሐፊው መግቢያው ላይ «ባለቤቴ የአትክልት ቦታ ማስታወሻዋን እንዳታጣ ብዬ ጻፍኩት። ለሌላም ከጠቀመ ይውሰደው» ብሏል። ኮዱን እንደ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አይቸኩልም፤ በየመስመሩ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይናገራል። ስታስኬደው ፊደሉም ቀኑም ትክክል ወጣ። ችግሩ እትዬ ስለ ዕቃው የጻፉትን ማስታወሻ መሃል ላይ መቁረጡ ነበር። «ጥቁር የሴት ኮት፤ ኪሱ ውስጥ የደረቀ ቅጠልና» ይልና ያቆማል።

መልስ አገኛለሁ ሳትል ለጸሐፊው ጻፈችለት። በማግስቱ ጠዋት መልሱ ጠበቃት። «ዓይኔ ደክሟል፤ ስህተቱ የት እንደሚደበቅ ግን አውቃለሁ። ረጅም ጽሑፍ በሌላ ፋይል ነው የሚያድረው። ነይ አብረን እንፈልገው።» ሁለት ቀን ተጻጻፉ፤ እሱ መንገዱን ይነግራታል፣ እሷ ትሄድበታለች። በሦስተኛው ቀን ማስታወሻዎቹ ሳይቆረጡ መጡ። ያለ ባለቤት የቀሩ ነገሮች በስክሪኑ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ፦ የአንድ እግር የልጅ ጫማ፤ ክሩ የላላ ክራር፤ ያልተላከ ፖስታ፤ «ሲነኩት ገና የሚሞቅ» የሱፍ ጓንት። የትኛው ከየትኛው ይበልጥ እንደሚያሳዝን ሳታውቅ ስታነብ፣ ክፍሉ ውኃ ውስጥ ያለ ያህል ጸጥ አለባት።

ስትቆጥር ግን ከአርባ አንድ ሺሁ በላይ ሦስት መቶ የሚያህል መዝገብ ትርፍ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊውን ጠየቀችው።

«በዚያ ፕሮግራም መሰረዝ ማለት ምልክት ማድረግ ነው» አላት። «የተሰረዘው አይታይም እንጂ የትም አልሄደም። የእኔ ኮድ እሱንም ያነባል። ካልፈለግሽው አንድ ቃል ቀይሪ።»

አብዛኞቹ ሁለት ጊዜ የተጻፉ ነበሩ። አንዱ ግን ድጋሚ የለውም። «ቢጫ ወፍ፣ ከነሽቦ ቤቷ። ሰባተኛው ፉርጎ። ጨርቅ ሲያለብሷት ትዘፍናለች።» ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የተመዘገበ ነው። ካልተሰረዙት መካከል ደግሞ ከዚያ አምስት ቀን ዘግይቶ የተጻፈ አገኘች፦ «አንድ አዛውንት ቢጫ ወፍ ጠፍታባቸው መጡ። ከተገኘች ይደወልላቸው።» ስልክ ቁጥርም አለው።

ፕሮግራመሯ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ከዚያ እትዬን ጠራችና ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አሳየቻቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሕይወት ያለው ነገር ከተገኘ የዚያኑ ዕለት ለከተማው እንስሳት መጠለያ ነው የሚሰጠው» አሉ። «ልጄ አግብታ ከወጣች ወር አልሞላትም ነበር፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ይዣት ሄድኩና መዝገቧን ሰረዝኩ። ሰውየው ሲመጡ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ‹መዝገብ ላይ የለችም› የሚል ነው። እፊታቸው ፈልጌ አሳየኋቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ወፏስ?»

«ዘጠኝ ዓመት ዘፈነችልኝ። አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ ሰምቼ አልጨረስኩም።»

«እትዬ፣ ልተዋት እችላለሁ» አለች ፕሮግራመሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ቃል ነው። ማንም አያያትም።»

«አንቺ አይተሻታል» አሉ እትዬ። «አሻግሪያት። ስልኩን አቀብዪኝ።»

ያነሳችው ሴት ናት። አባቷ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። እትዬ ቃል ሳያለዝቡ ሁሉንም ነገሯት።

«አባዬ በሳምንቱ ሌላ ገዛ» አለች ሴትየዋ። «አዲሷ ግን አትዘፍንም ነበር። እሱ ነበር የሚያፏጭላት፤ ጠዋት በፉጨቱ ነው የምንነቃው። ያቺኛዋን ግን ብርድ ገደላት ብሎ እንዳዘነ ነው የሄደው። ቢነግሩት ኖሮ ይቀለው ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ።»

«ሙቀት ነበራት ግን?»

«ምድጃ አጠገብ ነበረች።»

ሴትየዋ ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ሌላ ቀን ደውለው ስለ ወፏ እንዲያወሩላት ግን ጠየቀች፤ እትዬም ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ፕሮግራመሯ ያረመችውን ኮድ ለጸሐፊው ላከችለት፤ እሱም ከዋናው ጋር ቀላቅሎ፣ የሚቀጥለው ፈላጊ እንዳይደክም ከላይ ማብራሪያ ጨመረበት።

ሰኞ አዲሱ ዳታቤዝ ተከፈተ። እትዬ ከሁሉ አስቀድመው የወፏን መዝገብ አወጡ። ፕሮግራመሯ «ልጻፍልዎ?» ስትላቸው እምቢ አሉ። ባልለመዱት አዲስ የፊደል ገበታ ላይ፣ በአንድ ጣት፣ አንድ ባንድ እየለቀሙ ጻፉ፦ «ለባለቤቷ አልተመለሰችም። እኔ ወስጃት ነበር።» አንዴ ለራሳቸው አነበቡትና አስቀምጥ የሚለውን ተጫኑ።