ያልተነሣው እጅ

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ኅብረት ጉባኤ፣ በሻይ ዕረፍት ለአንድ ተወካይ የሚደርሰው ሳምቡሳ ከሁለት ወደ አንድ ዝቅ እንዲል በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል።

በሙሉ ድምፅ ያልወሰንነው ነገር ኖሮ አያውቅም። ደንባችን አንድ አባል ከተማ እንኳ ከተቃወመ ውሳኔ አይጸድቅም ይላል። አንቀጹን ያስገባነው ለጌጥ ነበር። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ሸዋወርቅ «የምትደግፉ?» ሲሉ መጀመሪያ የአዳማ እጅ ይነሣል፤ የእኛ የሞጆዎቹ ይከተላል፤ አዲስ ገቦቹ ከኋላ ወንበር እኛን አይተው ያነሣሉ።

ቀጣዩ አጀንዳ፣ የአባል ከተሞች ሽንኩርት በሙሉ አዳማ በሚሠራው ማዕከል ብቻ ይሸጥ የሚል ነበር። በቅርቡ የተቀላቀለችን የዓለም ጤና ከተማ ደግሞ የምትኖረው አስፋልት ዳር በምትከምረው ሽንኩርት ነው። ይህ ከጸደቀ ገበያዋ አበቃለት።

«የምትደግፉ?»

እጆች ተነሡ። የዓለም ጤናው ተወካይ አቶ ጫምሳ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንዳጋደሙ ቀሩ።

«አቶ ጫምሳ፣ ድምፅ እየሰጠን እኮ ነው» አሉ ሸዋወርቅ ፈገግ ብለው።

«አይቻለሁ፣ ክብርት ሰብሳቢ። እቃወማለሁ።»

አስተናጋጇ የውሃ ጠርሙስ እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ድምፅን በድምፅ የመሻር መብትን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም። እንዲህ ነው ለካ! አንድ ሰው እጁን ያሳርፋል፤ አዳማን የሚያህል ከተማ ባለበት ይቆማል።

«ግድ የለም አባቴ፣ ሐሳብዎን ያብራሩልንና እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አለ የአዳማው መሳይ።

«ወስዳችሁ የት ልታደርሱት?»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው የአርሲ ነገሌዋ ዋፊቃ ናት። አምና የእህል ገበያቸውን የሚጎዳ ሐሳብ ልትቃወም ተነሥታ አንድ ሰዓት ሙሉ አብራርታልን፣ አጨብጭበን፣ እንደ ግብዓት ወስደን፣ መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ አፍራ እጇን አንሥታለች።

«ጀባዻ፣ ኦቦ!» አለቻቸው፤ በርቱ ማለቷ ነው።

ሸዋወርቅ ደንቡን ገለጡ። አንቀጹን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል እንደ ሕፃን ቀስ ብለው ተናገሩ፦

«አል...ጸደቀም።»

ማንም አላጨበጨበም፤ ለዚህ የሚሆን ጭብጨባ አልነበረንም። ሁላችንም ዞረን ያቺን እጅ እናያለን።

«እሺ ለቃለ ጉባኤው እንኳ» አሉ ሸዋወርቅ እየለመኑ፣ «ምክንያት የለዎትም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«አላብራራም።»