የሌንደርት ስድስት ሴንቲሜትር

አሌይዳ ባሏን ከቀበረች ስምንት ወር ሆኗታል፤ አንድም ቀን አላለቀሰችም። ካትቫይክ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት የባሕር ዳር ከተማ ናትና ወሬ አልቀረም። አንዷ ጎረቤት «ጠንካራ ሴት ናት» አለች፤ ሌላዋ ደግሞ «ድሮም የተጋባችው ከወረቀት ጋር ነው» አለች። ሁለቱም ጆሮዋ ደረሰ። አልከፋትም። በዚያ ሰሞን የሚከፋትም የሚያስደስታትም ነገር አልነበረም፤ ሲቀመጡበት ውሎ እንደደነዘዘ እግር ውስጧ ደንዝዞ ነበር።

ሥራዋ ግን አልተጓደለም። ከከተማው ዳር፣ ከአበባ ማሳዎቹ ባሻገር ባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጨረቃ ላይ ስድስት ስድስት ወር ለሚቀመጡ አራት ሰዎች የሚሆን ቤት ትነድፋለች። ቤቱ ገና ብረት አልሆነም። አዳራሹ መካከል የቆመው የእንጨት አምሳያው ነው፤ ልኩ ከእውነተኛው ቤት ጋር በሚሊሜትር እንዲገጥም የተባለለት። አምሳያውን የሠራው ባሏ ሌንደርት ነበር። ሌንደርት ዕድሜውን ግማሽ የዓሣ ጀልባ ሲያንጽ የኖረ አናጢ ነው፤ ውሸት አያውቅም፣ የጎረቤቱ ፀጉር ቁርጥ ካላማረው ሳይጠየቅ የሚናገር ዓይነት። እንደ አገራቸው ልማድ የወዳጅ ልደት የሚጻፍበት ቀን መቁጠሪያ መጸዳጃው ውስጥ ያልተሰቀለበት ቤት፣ ጨረቃ ላይም ቢሆን፣ ቤት አይባልም ብሎ አንዱን አምጥቶ በአምሳያው መጸዳጃ ሰቅሎ ነበር። የባልደረቦቹ ሁሉ ስም አለበት። ጥቅምት ላይ የራሱ ስም አለ፤ ከሞተ በኋላ ሊሰርዘው የደፈረ የለም።

በአምሳያው ውስጥ ስምንት ፈቃደኞች አራት አራት እየሆኑ ሦስት ሦስት ሳምንት ተዘግቶባቸው ኖረዋል። ሙከራውን የመራችው ሐኪሟ ፌምከ ናት። ምግቡ አሰልቺ ነው፣ የአየር ማናፈሻው ይጮኻል፣ እንቅልፍ ግን ሸጋ ነው አሏት። እንቅልፉ የሁሉም ኩራት ሆነ፤ በየስብሰባው መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነበር።

አሌይዳ ራሷ እንቅልፍ ያጣችው ቤቷ ነው። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዋን በአይብ ትበላና አሬራዋን ጠጥታ ከአምሳያው መኝታ ጓዳዎች በአንዱ ግማሽ ሰዓት ትጋደማለች። ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም እንዳላየ ያልፋሉ።

አንድ ሰኞ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነቃች። በግራ ጎኗ ጉልበቷን አጥፋ ተኝታለች። ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላትና ባለችበት ቀረች። የጓዳው ወርድ ሰባ ሴንቲሜትር ነው፤ የነደፈችው እሷ ናት። በሰባ ሴንቲሜትር ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ የሚተኛ አዋቂ ሰው የለም። ይህንንም ያሰላችው እሷው ናት፤ ጨረቃ ላይ ሰውነት ስለሚቀል ጎን አይቆስልም፣ ሰው በጀርባው ይተኛል፣ መገላበጥ አያስፈልገውም ብላ።

ሜትር አምጥታ ለካች። ሰባ ስድስት። ደግማ ለካች። ሌሎቹን ሦስት ጓዳዎችም ለካች፤ ሁሉም ሰባ ስድስት። ከጓዳዎቹ ጀርባ ያለውን የስንቅ መደርደሪያ ስትከፍት ስድስት ሴንቲሜትሯ ከየት እንደተሰረቀች አየች። በስንቅ ምትክ የተደረደሩት ባዶ ሳጥኖች እንኳ ተቆርጠው፣ አጥረው፣ እንደገና ተጣብቀዋል። ሙጫው ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ከቢሮዋ የማረጋገጫውን ወረቀት አወጣች። «አምሳያው ከንድፉ ጋር አንድ ነው» ይላል፤ ከሥሩ የሌንደርት ፊርማ አለ።

የዛሬ ዓመት ወጥ ቤታቸው ውስጥ የተከራከሩት ትዝ አላት። እሑድ ነበር፤ የአተር ሾርባ እየበሉ።

«ጠባብ ነው፣ አሌይዳ» አላት። «የተኛ ሰው ይገላበጣል። ሠላሳ ዓመት ለባሕር ሰው አልጋ ሠርቻለሁ።»

«ወረቀቱ ሰባ ይላል።»

«ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ስድስት ሴንቲ ብቻ። እሺ በይኝ።»

«ስንቁን የት ላድርገው? ጭንቅላቴ ላይ ልሸከምልህ?»

«ብቻ እሺ በይኝ» አለ እንደገና።

እምቢ አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አሌይዳ ሞኝ አይደለችም፣ ወረቀት በመያዝ ግን የሚስተካከላት አልነበረም። ሌንደርት ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን አጠበ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም፤ የረታችው መስሏት ነበር።

የፊታችን ሐሙስ የመጨረሻው ስብሰባ ነው። አሌይዳ ከፈረመች ብረት መቆረጥ ይጀምራል፤ በሰባ። ዝም ብትል የሌንደርት ስም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ አራት ሰዎች ግን ማንም ባልሞከረው ጓዳ ውስጥ ስድስት ወር ይታሰራሉ። ወርዱን ሰባ ስድስት እናድርገው ብትል ደግሞ ለምን ይሏታል፤ ስምንት ሰው በሰባ ተኝቶ ሸጋ ነው ብሏላ። ከተናገረች ውሸት የማያውቀው ሰው ከሞተ በኋላ ውሸታም ይሆናል። ማክሰኞና ረቡዕን ስታስብ ዋለች። ሆድ ይፍጀው ማለት ይቻል ነበር፤ ሆዷ ደንዝዞ ስለነበር ብዙም ባልከበዳት። አላስፈራትም፣ አላሳፈራትም፤ አለመፍራቷ ብቻ ትንሽ ገረማት።

ሐሙስ የሌንደርት ልደት ነበር። ሁሉም ያውቃሉ፤ ኬክ ያመጣ ግን የለም። አሌይዳ ተራዋ ሲደርስ የገበያ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ተናገረች። ጓዳዎቹ ሰባ ስድስት ናቸው፣ ያሰፋቸው ሌንደርት ነው፣ ፊርማውም ውሸት ነው አለች።

ፌምከ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የስድስት ወር ልፋቴ ገደል ገባ አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው። የሁሉም አለቃ ሃርም መነጽሩን አወለቀ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ባልሽ በስምንት ሰው ቀልዷል።»

«ቀልዷል» አለች አሌይዳ። «ግን ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሃርም ብዙ አልተከራከረም። ልክ መሆኑንም አለመሆኑንም በወሬ ሳይሆን በሙከራ እንየው አለ። አምሳያው ወደ ሰባ ይጥበብ፣ ሌሎች ፈቃደኞች ይግቡ፣ ብረቱም ይጠብቅ ተባለ። ስብሰባው ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ አየር ማናፈሻው ጩኸት፣ አለፈ።

ሰኞ ዕለት የሌንደርት የሥራ ባልደረባ የነበረው ኮቡስ አዲሱን የጓዳ ግድግዳ ሲያቆም አሌይዳ አጠገቡ ቆማ ነበር። ኮቡስ አሮጌ አናጢ ነው፤ ምስማር በጥርሱ ይዞ የሚያወራ።

«ሳጥኖቹን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ» አላት ሳያያት።

«አውቃለሁ። ሌንደርት ሙጫ ያዝረከርካል።»

ኮቡስ ምስማሮቹን ከአፉ አወጣ። «ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር እኮ።»

«ነግሮኛል። እሑድ ቀን፣ ሾርባ እየበላን። ላሰፋው ብሎ ጠየቀኝ፤ እምቢ አልኩት።»

«ላሰፋው ብሎ?» ኮቡስ አሁን ዞር ብሎ አያት። «አሌይዳ፣ ከዚያ እሑድ በፊት፣ ዓርብ ዕለት ጨርሰናቸው ነበር እኮ። አራቱንም። እሺ ካለችኝ ወረቀቱ ይስተካከላል፣ መዋሸትም አይኖርብኝም ብሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት መጣና እምቢ አለች አለኝ። እናፍርሰው ወይ አልኩት። አንድ ሰዓት ያህል እዚያች በርሜል ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ሄዶ ፈረመ።»

አሌይዳ በርሜሉን አየችው። ከተራ የቀለም በርሜል የተለየ ነገር አልነበረውም። ብቻ እሺ በይኝ ያላት ለእንጨቱ አልነበረም፤ እንጨቱማ አስቀድሞ አልቆ ነበር። በስልሳ ሦስት ዓመቱ የመጀመሪያውን ውሸት እንዳይዋሽ ነበር የለመናት። እሷ ስለ ስንቅ ተረበችው።

ግድግዳው ቆመ። ኮቡስ ለካው፤ ሰባ። ፌምከ ቅጿን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ፈቃደኞቹ ከመግባታቸው በፊት ቤቱን የነደፈው ሰው ይሞክረው የሚል ደንብ አለና። ቂሟ ገና አልበረደም፤ የአሌይዳን ጫማ ግን ተቀብላ ያዘችላት።

አሌይዳ በጀርባዋ ተጋደመች። በወረቀቱ መሠረት ልክ ነው፤ ትከሻዋ ይበቃዋል፣ ክንዷም ይበቃዋል። ከዚያ ወደ ግራ ልትዞር ሞከረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ሌንደርት የምትዞረው በዚያ በኩል ነበር። ጉልበቷ ግድግዳውን መታው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና መታው። ያን ጊዜ ሌንደርት ናፈቃት። ስምንት ወር የት እንደቆየ የማታውቀው ናፍቆት አንድ ጊዜ መጣባትና መተንፈስ አቃታት። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ በጀርባው የተኛ ሰው እንባ ሌላ መንገድ የለውም።

ፌምከ ቅጿን ገለጠች።

«አሌይዳ? ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጠባብ ነው» አለች አሌይዳ ከውስጥ። «ጠባብ ነው ብለሽ ጻፊ።»