ስህተት የምትቆጥረው ቺፕ

እናት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሰሌዳ ትፈራዋለች። ሽፋን የለው፣ ክዳን የለው፤ ሽቦው እንዳለ ተዘርግፎ፣ መሀሉ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ጥቁር ነገር ተለጥፋበት፣ ቀን ከሌት አንዲት አረንጓዴ መብራት እያበራ ይቀመጣል። ልጇ ከቤት ሆና መሥራት የጀመረች ዕለት፣ «እማ፣ ቤቱ ቤትሽ ነው። ይሄን ሰሌዳ ብቻ እንዳትነኪብኝ» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ እናት አቧራ ስትጠርግ እንኳ በዚያ በኩል የምታልፈው ትንፋሿን ይዛ ነው።

ምንነቱን ጠይቃ ነበር።

«ጥቁሯ ነገር ቺፕ ናት» አለቻት ልጅ። «ቁልፍ ጠባቂ በያት። የኮምፒውተሩን ምስጢር ሁሉ የያዘችው እሷ ናት። ፕሮግራሞቹ ግን ዘው ብለው ገብተው አያናግሯትም። መሀል ላይ ከርነል የሚባል የኮምፒውተሩ አስኳል አለ፤ እሱ በከፈተላቸው በር ብቻ ነው የሚያንኳኩት። በየትኛው በር እንደሚንኳኳ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ምን መልስ እንደሚመጣ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።»

«ይሄን ለመጻፍ ነው ይሄን ያህል ወር?»

«ቀልድ አታውቅማ! እኔ አንድ ቃል ካዛነፍኩ፣ ያንን አምኖ የሚሠራው ሰው ጉድ ይሆናል። ቺፗ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት የሚያንጠባጥበው ማሽን ላይ ነው የምትገጠመው። ደግሞ የሰው ስህተት ትቆጥራለች። የተሳሳተ ቁጥር ደጋግሞ የሚያስገባባትን ሰው ሌባ ነው ብላ ትቆልፍበታለች።»

እናት ይህን ሰምታ ሰሌዳውን ይበልጥ ፈራችው። ፍርሃቷ ከሰሌዳው ብቻ አልነበረም። የልጇ የሙከራ ጊዜ ገና አላለቀም። ሥራው ከእጇ ከወጣ ቤቱም አብሮ ይወጣል፤ ያኔ እናት ሩቅ ከተማ ወዳለው ወንድ ልጇ ትላካለች። እዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የለም። በዚህ ዕድሜዋ የጎልማሶች ክፍል ገብታ ፊደል መለየት ከጀመረች ወዲህ፣ ዓለም ስሙን እየነገረ የሚጠራት ይመስላታል። የአውቶቡሱን ጎን ታነባለች፣ የሳሙናውን ጀርባ ታነባለች። ይህ እንዳይወሰድባት ትሰጋለች።

በዚያን ዕለት ልጅ ለስብሰባ ቢሮ ሄዳ ነበር። ጠዋት ቧንቧ ሠሪው መጥቶ የወጥ ቤቱን ቧንቧ አስተካክሎ ወጣ። እናት ቤቱን ካስተካከለች በኋላ የቤት ሥራዋ ትዝ አላት። አስተማሪዋ፣ «ያገኛችሁት ኪቦርድ ላይ ቁጥር ተለማመዱ፤ የምታውቁትን ቁጥር ሁሉ ጻፉ» ብላ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ከሰሌዳው ጋር በሽቦ የተያያዘው ስክሪን በርቷል። ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለበት። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና በጣቷ አየር ላይ እየተከተለች አነበበች።

«ቁ... ጥር... ያስ... ገቡ። ቁጥር ያስገቡ!»

ልቧ ደስ አለው። በአክብሮት ነው የጠየቃት። የተከለከለችው ደግሞ ሰሌዳውን ነው፤ ኪቦርዱን ማን ከለከላት?

የስልኳን ቁጥር አስገባች። ቁጥሮቹ እየተለወጡ ነጥብ ነጥብ ሆኑ። ትልቁን ቁልፍ ተጫነች። «ትክክል አይደለም። እንደገና ይሞክሩ» አለ ስክሪኑ። እናት ብቻዋን ሳቀች። አስተማሪዋም እንዲሁ ነው የምትለው፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ ቀኑን ሙሉ። ጣቷ ስቶ ይሆናል ብላ ቀስ እያለች ደገመችው። ከዚያ ልጇ የተወለደችበትን ዓመት፣ ከዚያ የወንድ ልጇን፣ ከዚያ የቤቱን ቁጥር፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ ዘጠኝ። እያንዳንዱን ስትጨርስ «እንደገና ይሞክሩ» ይላታል፤ እሷም ትሞክራለች። እንዲህ የታገሠ አስተማሪ አይታ አታውቅም።

ድንገት ሌላ ቃል መጣ። ረጅም ነው፤ ፊደሉም ከባድ ነው።

«ተ... ቆ... ል...» አለችና ቆመች። ቀጣዩን ፊደል ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ከፏፏቴ ሥዕል ጎን የተለጠፈው ነው። «ፏ!» ብላ ጮኸች በደስታ። «ፏ፣ ል! ተቆልፏል!»

ከባዱን ቃል ማንም ሳይረዳት አንብባዋለች። ኮራች። ኩራቷን ሳትጨርስ ትርጉሙ ደረሰባት፤ ክው ብላ ቀረች።  የምትቆልፈው ሌባ መጣ ስትል ነው፤ ልጇ ነግራታለች።  ስልኳን ከኪሷ አወጣችና ክፍል ውስጥ ጎኗ ለሚቀመጠው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ደወለችለት። ክፍሉ በሙሉ ጋሽ ፍሬን ነው የሚለው፤ ሲያነብ በየቃሉ ይቆማልና።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ!»

«ምነው፣ የቤት ሥራው ነው? አይዞሽ፣ እኔም አልሠራሁት።»

«የልጄን ኮምፒውተር ቆለፍኩት!»

«አንቺ? የደብተር ቦርሳሽን እንኳ ዘግተሽ አታውቂም እኮ!»

«አይቀልዱብኝ በሞቴ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው።»

«እሺ በቃ፣ ስሚኝ። ሶኬቱን ንቀይው፤ ትንሽ ታገሺና መልሰሽ ሰኪው። እኔ አውቶቡሴ ሲያኮርፍ አጥፍቼ ነበር የማስነሳው። ኮምፒውተር ከአውቶቡስ ይበልጣል?»

ነቀለችው። አረንጓዴዋ መብራት ድርግም ስትል አንድ ነገር የገደለች መሰላት። መልሳ ስትሰካው መስመሮች ተንጋግተው አለፉ፤ ከዚያ ስክሪኑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በአክብሮት «ቁጥር ያስገቡ» አለ። «ተመስገን!» አለች። ኪቦርዱን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ወንበሩንም ወደ ነበረበት መለሰች። 

ልጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የሙከራዋን ውጤት ዛሬ ለአለቃዋ ማሳየት አለባት። ቁጥሩን አስገባች። ስክሪኑ «ተቆልፏል» ሲላት እጇን እንደተቃጠለ ሰው ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«እማ። ዛሬ ቤት ሰው ገብቶ ነበር?»

እናት ከበሩ ላይ ቆማ፣ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቧንቧ ሠሪው... መጥቶ ነበር።»

እውነት ነው፣ መጥቶ ነበር። እውነትነቱ ግን አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ሻከራት።

«ብቻውን ትተሽው ነበር?»

«ልብስ ላሰጣ... ወጣ ብዬ ነበር መሰለኝ።»

የልጅ ፊት አመድ መሰለ። ተነስታ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሳበች። ጃንጥላ አንስታ የመታጠቢያ ቤቱን በር በጫፉ ገፋችው፤ መጋረጃውን ገለጠች፤ የአልጋዋን ሥር አየች። እናት ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች። ልጇ የምትፈልገው ሌባ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ይውጣል። «ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ» አለች በልቧ፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት።

ልጅ ለአለቃዋ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስገባሁት» አለችው። «ትክክለኛውን ቁጥር። ተቆልፋለች።»

«አንድ ጊዜ አስገብተሽ ከተቆለፈች፣ ከሁለት አንዱ ነው» አለ አለቃዋ። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ወይ ስለ ቺፗ የጻፍሽው የመመሪያ ገጽ ውሸት ነው፣ ወይ ቤትሽ ሰው ገብቷል።»

«ገጹን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ።»

«እንግዲያው ሰው ገብቷል። ማን ነው?»

«ጠዋት ቧንቧ ሠሪ ነበር አለችኝ እናቴ።»

«ስልክ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ ለጥበቃ ክፍል እሰጣለሁ። እነሱ ለፖሊስ ያመለክታሉ። አንቺ ደግሞ ቺፗ የያዘቻቸውን ቁልፎች በሙሉ ደምስሻቸው። የሌላ ሰው እጅ ከገባባት አትታመንም፤ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።»

«ከደመሰስኳቸው እኮ ሥራዬ ያለበት ዲስክ ከእንግዲህ አይከፈትም! የሙከራዎቼ ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ያለ እሱ ገጾቹን ማን ያምነኛል?»

አለቃዋ፣ «አዝናለሁ። ሌላ መንገድ የለም» አለ።

ልጅ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ አጥፍታ አስነሳችው፤ በሌላ መንገድ ገባች። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ። እናት በትከሻዋ በኩል አየችው። ባታነበው ትመርጥ ነበር፤ ዓይኗ ግን ከለመደ ወዲህ ማንበቡን አይተውም። «ቁልፎች በሙሉ ይጠፋሉ። ይቀጥሉ?» ይላል። የልጇ ጣት ቁልፉ ላይ አርፏል።  አለቃዋ ገና መስመር ላይ እያለ፣ በሌላኛው እጇ ስልኩ ውስጥ የቧንቧ ሠሪውን ቁጥር ትፈልጋለች። ያ ሰውዬ ደግሞ ሲወጣ፣ «እናቴ፣ እርጥቡ እንዳያንሸራትትዎት» ብሎ ወለሉን በራሱ ጨርቅ ያደረቀ ሰው ነው።

«እኔ ነኝ!» አለች እናት።

ልጅ ዞራ አየቻት።

«እኔ ነኝ ሌባው! ቁጥር ያስገቡ ሲለኝ አስገባሁ። ቧንቧ ሠሪው ወደዚህ ክፍል ድርሽ አላለም። አትጫኚው ልጄ፣ በጡቴ ይዤሻለሁ!»

 ልጅ በዝግታ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች፤ ሌላኛው እጇ ስልኩን ሊያጠፋው ተዘረጋ። እናት ቀደመቻት። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ ሩቅ አገር እንዳለ ሰው እየጮኸች ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ይሰማሉ? እናቷ ነኝ። ልጄ ምንም አላጠፋችም። እኔ ነኝ የነካካሁት። ፊደል እየተማርኩ ነው።»

«...ስንት ጊዜ ሞከሩ፣ እናቴ?» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው።

«የማውቀውን ቁጥር ሁሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቆለፈ። ሶኬቱን ነቀልኩት።»

«ሶኬቱን!» ልጅ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «እማ! መብራት ድንገት ሲቋረጥባት እሱንም እንደ ስህተት ነው የምትቆጥረው! ከቆጠረችው ላይ ጨመርሽባት እኮ!»

«ጋሽ ፍሬን ናቸው... አውቶቡስ ሲያኮርፍ እንዲህ ነው የሚነሳው ብለውኝ።»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ አሰማ። «እንግዲህ ገጽሽ ውሸት አይደለም ማለት ነው» አለ። «ራስሽ የጻፍሽውን አድርጊ። መብራት ላይ ትቆይ፣ ማንም አይንካት፣ ጠብቂ። ስትከፈት ደውይልኝ። የቧንቧ ሠሪውን ቁጥር ግን አልላክሽልኝም አይደል?»

«አልላክሁም።»

«ጎሽ።»

ልጅ የስክሪኑን ጥያቄ ሰረዘች፤ መጠበቅ ጀመሩ። ቺፗ ሳትነካ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ከቆጠረቻቸው ስህተቶች አንዱን እየጣለች ትሄዳለች፤ አንዱን ስትጥል አንድ ዕድል ትሰጣለች። መብራት ከጠፋ ግን ይጨመርባቸዋል። እናት ይህን ስትሰማ መብራቱ እንዳይጠፋ ብላ ተነስታ በየክፍሉ ዞረች፤ የልብስ ካውያውን ነቀለች፣ ምድጃውን አጠፋች፣ የማቀዝቀዣውን ሶኬት ሳይቀር ልትነቅል ስትል ልጇ፣ «እማ፣ ሁለተኛ ሶኬት እንዳትነኪ!» ብላ ጮኸችባት። እናት እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከመንገድ በኩል መኪና ባለፈ ቁጥር አምፖሉን ቀና ብላ ታያለች፤ ጭል ጭል ያለ ይመስላታል።

«በእውነት ትረሳለች?» አለች ቆይታ።

«ቀስ በቀስ።»

«አንቺስ?»

ልጅ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «እኔን አሁን አትጠይቂኝ» አለች።

ያ ለእናት ከጩኸቱ ይብስ ነበር። ይቺ ልጅ ሕፃን ሳለች ትኩሳት ሲይዛት እንዲህ ነበር አጠገቧ ተቀምጣ የምትጠብቀው፤ ያኔ ግን ልጅቷ እጇን ትይዛት ነበር።

ውጭው ሲደበዝዝ ልጅ ቀና ብላ ተቀመጠች። ጣቶቿን አፍታታች። ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ እናቷ ክፍል ውስጥ ፊደል በምትቆጥርበት ዝግታ አስገባች። ትልቁን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ትንሽ ቆየች።

ስክሪኑ ተከፈተ። የሙከራዎቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተዘረዘረ። ልጅ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና ትከሻዋ ተርገበገበ። እናት ልትዳስሳት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

አለቃዋ ሲደወልለት ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ገጹ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሥራዋም ላይ ችግር የለም። ሰሌዳው ግን ነገ ወደ ቢሮ ይመለስ፤ ከእንግዲህ ሙከራው ቤት ውስጥ አይሠራም። ልጅ «እሺ» አለች፣ ሳትከራከር። እናት ልጇ ቢሮ ስለምትውል ነገ ጠዋት ቤቱ ባዶ እንደሚሆን፣ ከነገ ወዲያም ባዶ እንደሚሆን ገባት። ይህ በእሷ ጣት የመጣ ነው። 

ልጅ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ መጻፍ ጀመረች። እናት ዘወር ብላ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«ትምህርቱን ልተወው?»

«ምን?»

«እኔ እንጃ። እንዲህ ከሆነ... ልተወው እንዴ?»

«ደግሞ ይሄን ማን አለሽ?» አለች ልጅ፣ ሳትዞር፣ በተቆጣ ድምፅ። «ራት አቅርቢ ይልቅ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። ምድጃውን መልሰሽ አብሪው፣ እሱን ትችያለሽ።»

ቁጣዋ የየዕለቱ ቁጣዋ ነው፣ እቃ ጎድሎ ሲገኝ የምትቆጣው። እናት ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።