ስንት በሽታ ገደላት

«ወባ ነው» አለ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ በር ላይ ለቆሙት ለቀስተኞች። ጠዋት ለመጡት ልብ ነው ብሎ ነበር፤ ትናንት ደግሞ ማጅራት ገትር።

ልብስ ሰፊዋ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሰማችው፤ ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ ልጄን ስንት ጊዜ ነው የምትገድላት?»

«ቀስ በይ እንጂ እህቴ» አላት ጎንበስ ብሎ። «ገመናሽን ልሸፍን ብዬ እኮ ነው።»

ገመና! በስንት መከራ ያሳደገቻት ልጅ በአንድ ጀንበር ገመና ሆና አረፈች። ራሷን ማጥፋቷን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ሻይ ፉት ይላል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ይወጣል።

እሷ ታውቃለች። ያን ቀን ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ ቀሚስ ትለካላት ነበር። «እማዬ፣ እኔ ወንድ አይደለም የምወደው። ጓደኛዬን ነው የምወዳት» አለቻት። እናትየው ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ነበር። አውጥታ አንድ ቃል መመለስ ስትችል፣ አፏን እንደሞላች ጠርዙን ማጠፍ ቀጠለች። ልጅቷ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ «ይቅር በቃ» ብላ ወረደች። ከዚያ ወዲያ እህልም እንቅልፍም እምቢ አላት። ዘመድ ሁሉ «ዕድሜዋ ነው፣ ይለቃታል» አለ። እሷም አብራ አለች፤ አሁን የሚያንገበግባት እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ያቺ የልጇ ጓደኛ መጣች፤ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ፊቷ አመድ መስሎ። ወንድምየው በሩን በክንዱ ዘጋባት።

«አንቺ ደግሞ ምን ቀረሽ? ወደ ቤትሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ክንዱን ገፋችው። ልጅቷን ጓዳ አስገብታ ትክ ብላ አየቻት። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ እዚሁ ቤት ከርሞ ነበር።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አይወስደኝም።»

«ልጠይቅሽ፣ አትደብቂኝ። አንቺም መሞት ታስቢያለሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «አዎ፣ እትዬ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ይኸው ለእኔ ተናገርሽ። አልቆጣሽም፣ ብቻሽንም አልተውሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ስታጠልቅ ወንድሟ መጣ። «ለቀስተኛ ጥለሽ ወዴት ነው?»

«ሐኪም ቤት።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። ለቅሶው የትም አይሄድም፤ ይቺ ግን ትሄድብኛለች።»

መንገዱ ዳር መኪና እስኪያልፍ ቆሙ። ያቺን የደረሰች ልጅ እንደ ሕፃን እጇን ይዛ አሻገረቻት፤ ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቀቻትም።