ዘበኛውን ማን አጠፋው

ሥራነሽና ታናሽ ወንድሟ አበባው አባታቸው በተወላቸው የደብረ ማርቆስ ግቢ አብረው ይኑሩ እንጂ ተስማምተው አያውቁም። እሷ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች፤ እሱ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ በትርፍ ጊዜውም የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ኮምፒዩተሯ ላይ ተጥዶ አገኘችው። በየዓመቱ የምታሳድሰው አንቲቫይረስ ከማያው ላይ የለም።

«የት ሄደ?»

«አጠፋሁት። ማሽኑን እንደ ቀንበር ተጭኖት ነበር።»

«ማን አጥፋ አለህ?»

«አንቺን ላስፈቅድ ኖሯል? ይሄ የድሮ ሰው ፍራቻ ነው። ዊንዶውስ ዛሬ የራሱን ዘበኛ ይዞ ይመጣል። በዘበኛ ላይ ዘበኛ የሚቀጥር ቂል ብቻ ነው።»

«የደከምሁበት ሥራ አለበት፣ አበባው።»

«ቅጠላ ቅጠልሽን ማን ይሰርቅሻል!» ብሎ ሳቀባት።

ቅጠላ ቅጠል ያለው የዘጠኝ ዓመት ልፋቷን ነው። በሚኒባስ ሮብ ገበያ ከተማ እየወጣች፣ ከዚያም በእግሯ ወደ ጮቄ ተራራ እየዘለቀች፣ የሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ዕፅዋት ስም፣ ፎቶና መድኃኒትነት ሰብስባለች። ከሁሉ የምትሳሳለት ግን በስልኳ የቀዳችው የሮብ ገበያው መድኃኒት አዋቂ የአባ ይታያል ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ዕውቀታቸውን ለማንም የማያወጡ ሰው ነበሩ፤ ሦስት ዓመት ደጅ ከጠናቻቸው በኋላ ነው እሺ ያሏት። ስልኳ በሞላ ቁጥር ቅጂውን ወደ ኮምፒዩተሯ እያዛወረች ከስልኩ ታጠፋው ነበር። እሳቸው አምና ዐርፈዋል።

ሳምንት ሳይሞላ ፋይሎቿ በሙሉ አልከፈት አሏት። ስማቸው ላይ የማታውቀው ጭራ ተቀጥሎበታል፤ ማያው ላይ ገንዘብ ካልላካችሁ አታገኙትም የሚል የእንግሊዝኛ ማስፈራሪያ ተደቅኗል። ጮሃ አበባውን ጠራችው። ቆሞ አየው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያ ዘወር ብሎ፣

«ፍላሽሽን በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ስትሰኪው ነግሬሽ ነበር» አላት።

ሥራነሽ አመነችው። እውነትም ፍላሿን ያልሰካችበት ቤት የለም። በታኅሣሥ ሚካኤል ማኅበርተኛው ቤታቸው ተሰብስቦ ሲጫወት፣ አበባው ጠላውን ጨብጦ፣ «እኅቴ እኮ ከገጠር ለኮምፒዩተሯ ተስቦ አመጣችላት!» አለና ሰውን አሳቀባት። እሷም ሌማቱን ይዛ እንደቆመች አብራ ለመሳቅ ሞከረች።

በማግስቱ የኮምፒዩተሩን ሣጥን በነጠላ ጠቅልላ፣ ባጃጅ ይዛ የቀድሞ ተማሪዋ ቀድሪያ ወደ ከፈተችው የጥገና ቤት ሄደች። ቀድሪያ ሁለት ቀን አቆይታ አስጠራቻት።

«መምህርት፣ ፋይሎቹን መመለስ አልቻልሁም። ሌላ ቦታ አላስቀመጡም ነበር?»

«አላስቀመጥሁም። በገዛ ፍላሼ ነው ጉድ የሆንሁት።»

«በፍላሽ አይደለም» አለች ቀድሪያ፣ ማያውን ወደ እሷ እያዞረች። «ይሄውልዎ። ለሠርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ የሚሆን ክራክ፣ ማለት ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚታደል ፕሮግራም ተጭኗል። ቫይረሱ የገባው ከእሱ ጋር ነው።»

«አንቲቫይረሱን ወንድሜ አጥፍቶት ነበር። ዊንዶውስ የራሱ ዘበኛ አለው ብሎ።»

«እሱስ ልክ ብለዋል። ለቤት ኮምፒዩተር አብሮት የሚመጣው ይበቃል፤ እኔም ቤት ሌላ የለኝም። ግን ክራኩ አልጫን ሲላቸው ያንኑ ዘበኛ አጥፍተውታል። ተመልሶ እንዳይነሣ አድርገው ነው የዘጉት። ቀኑ ተመዝግቧል፤ ኅዳር ሃያ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።»

ኅዳር ሃያ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራነሽ ገበያ ነበረች።

ቤት ስትደርስ አበባው ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ሣጥኑን እግሩ ሥር አኖረችው።

«ዘበኛውን ማን አጠፋው?»

«የምን ዘበኛ?»

«ለሠርግ ቪዲዮህ ስትል ያጠፋኸው!»

ስልኩን አስቀመጠ። «ክራክ የማይጠቀም ማን አለ? አገሩ ሁሉ የሚሠራበት ነው።»

«በገዛ ማሽኑ ይሥራበታ! የሆነውስ ይሁን፤ ገና ስታየው ገብቶህ ነበር። እያወቅህ ነው በማኅበርተኛው ፊት መሣቂያ ያደረግኸኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ ብድግ ብሎ። «የኮምፒዩተር ባለሙያ ነኝ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብል ሰው ምን ይለኛል?»

ሥራነሽ ይቅርታ ቢላት ምን ብላ እንደምትመልስለት በባጃጅ ውስጥ ስታስብ ነበር የመጣችው። አልጠየቃትም።

በጥር ሮብ ገበያ ወጣች። የአባ ይታያልን ልጅ የኔአለምን ድንች ስትሸጥ አገኘቻት። የሙት ዓመቱ ሲደርስ የአባቷን ድምፅ ልታሰማት ቃል ገብታላት ነበር። የኔአለም ገና ስታያት ፊቷ በራ።

«አመጡልኝ?»

«ጠፋ፣ የኔአለም። ወንድሜ አጠፋው።»

የኔአለም የያዘችውን ድንች መልሳ ከክምሩ ላይ አኖረችው።

«እኔ ለወንድምዎ አልሰጠሁም። አባቴ እንቢ ሲል ተለማምጬ እሺ ያሰኘሁት ለእርስዎ ነበር። አንዴ ቀብሬው ነበር፤ አሁን ደግሞ እርስዎ ቀበሩት።»

«ልክ ነሽ።»

«ይሂዱልኝ። ገበያተኛ አይከልሉብኝ።»

ሥራነሽ ሄደች። ሚኒባስ ይዛ ደብረ ማርቆስ ተመለሰች። ግቢ ስትገባ አበባው በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ቅጠል ለቀማው እንዴት ዋለ?» አላት። አልፋው ገባች።

በማግስቱ አናጺ አስመጥታ ሳሎኑን ከአበባው ክፍል ጋር የሚያገናኘውን በር በሳንቃ አስመታችው፤ ለእሱ የበረንዳው በር ይበቃዋል። የመዶሻው ድምፅ ሲሰማ አበባው ከወዲያ ማዶ በሩን ይደበድብ ጀመር።

«አበድሽ እንዴ! የአባቴ ቤት ነው!»

አናጺው መዶሻውን እንዳነሣ ቆም ብሎ አያት።

«ምታው» አለችው።