ሽማግሌ የላክን ዕለት

ወንድሜን የሺዋስን ነፍሰ ገዳይ ያደረገው ቲክቶክ ነው ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ውሸት ነው። ቲክቶክማ ጠረጠረ እንጂ አልፈረደም። የፈረድኩት እኔ ነኝ፤ አዛለች ፋንታው፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያው ፊት ለፊት የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር የምሸጠው።

ስምንት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሲሰድቡኝም ሲያመኝም ሳህን ማጠቤን አለማቋረጥ ነው። ሰው "ልቧ ደንድኗል" ይለኛል። ይበል። ይሄንንም የማወራችሁ እንደዚያው ነው፤ እንባ የምትጠብቁ ከሆነ ከእኔ አታገኙም።

የሺዋስ ታላቄ ነው። ባጃጅ ይነዳል። ሚሚ የምትባል የሐሙሲት ልጅ ወደደ። ሚሚ ደግሞ አገር ለአገር እየዞረች ተራራውን፣ ፏፏቴውን፣ ዋሻውን እየቀረጸች የምትለቅ ልጅ ነበረች፤ ሃምሳ ምናምን ሺህ ሰው ይከተላታል፤ "ሚሚ ተጓዧ" ነው የሚሏት። እሷ ትዞራለች፣ እሱ ይነዳል፣ ደርሰው ሲወርዱ ስልኩን ይይዝላታል። ለጥር ሊጋቡ ነበር። እኔ አልወደድኳትም። ምን አደረገችኝ? ምንም። ወንድሜ ስልክ ያዥ መሆኑ ነው ያናደደኝ። እወደው ነበር፤ ከእኔ ሌላ ሴት የምታዘው አልመሰለኝም።

ሐምሌ አምስት፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ የጉና ተራራ በጭጋግ ምን እንደሚመስል ልታሳይ ወጡ። በሐምሌ ጉና የሚወጣ ጤነኛ ሰው የለም። ባጃጁን ክምር ድንጋይ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ደጅ አቁመው "ማታ እንመለሳለን፣ ጠብቁልን" አሉ። አልተመለሱም። የሁለቱም ስልክ አይሠራም።

በሦስተኛው ቀን ይሻው የሚባል፣ የት አገር እንደሚኖር የማይታወቅ ሰውዬ ላይቭ ገባ። የመጨረሻዋን ቪዲዮ አምጥቶ አንድ ቦታ ላይ አቆመው። ሚሚ ትስቃለች፤ ከኋላዋ የሺዋስ ቆሟል፤ አይስቅም። "ፊቱን እዩት" አለ ይሻው። ሠላሳ ሺህ ሰው ፊቱን አየ። አንዱ "ዓይኑ ያስፈራል" ብሎ ጻፈ። አንዷ "ከእሱ ጋር መሄድ ፈርታ እንደነበር ነግራኛለች" አለች፤ በኋላ ሲጠየቅ ለካ ሚሚን በአካል አይታት አታውቅም። የሺዋስ ከልጅነቱ ጀምሮ ካሜራ ፊት ያኮረፈ የሚመስል ሰው ነው። የስምንተኛ ክፍል መታወቂያው ላይም እንደዚያው ነው። ይሄን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አልጻፍኩም። በአራተኛው ቀን "የጠፉት ጥንዶች" መባሉ ቀርቶ "ገዳዩ የት ገባ?" ሆነ።

ተራራው ላይ ግን ሰው ነበር። የክምር ድንጋይ ገበሬዎች በዝናብ ጥሩንባ እየነፉ ይፈልጓቸዋል። መሪያቸው አቶ ማሩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በየቀኑ እደውልላቸዋለሁ። "ጭጋጉ የራስን እጅ አያሳይም፤ ግን አላቆምንም ልጄ" ይሉኛል።

ሐምሌ አሥራ አንድ ፎቶ ወጣ። መተማ፣ የሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ከኋላው የተነሳ ወንድ። ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ እጅጌው ቀይ ነው። ያንን ጃኬት ከጅዳ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እሱ ነው አልኩ። ያ ጃኬት ጅዳ ውስጥ በየመንገዱ እንደሚደረደር፣ ስንቱ ሐበሻ ገዝቶት እንደተመለሰ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያች ሰዓት ግን አላወቅኩም። ድሮም ይቺ ሚሚ መዘዝ ታመጣበታለች እያልኩ ነበርና ሆዴ ቶሎ ተቀበለው።

የዚያኑ ቀን ታናሻችን ባምላኩ ሱቅ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት። የሚሚ ወንድም ወርቁ ሁለት ቀን ሙሉ ግቢው በር ላይ ቆሞ እንደዋለ ነገረኝ። ምንም አልተናገረውም፤ ዝም ብሎ ያየዋል። እኛ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠፋው የለም። ገዳይ ከሸሸ ደሙ ከወንድሙ ይፈለጋል።

"ክፍል መግባት ልተው እንዴ አዙ?" አለኝ።

"ቤት ግባ። ከቤት ንቅንቅ እንዳትል" አልኩት።

ባጃጅ ይዤ ጋፋት ወረድኩ። አባታችን አቶ ፋንታው እዚያ ያርሳሉ። ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው፤ ጎንበስ እንዳሉ ነው የነገርኳቸው።

"አባየ፣ ሐሙሲት ሽማግሌ ይላኩ።"

ቀና አሉ። ደም ላይ ሽማግሌ የሚልክ ያጠፋ ወገን ነው። ሽማግሌ ላከ ማለት አመነ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እሳቸው ይሄን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

"ልጄ ካልገደለስ?" አሉኝ።

ስልኩን አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፎቶውን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት። "ጃኬቱ አንቺ ያመጣሽለት ነው?"

"እኔ ያመጣሁለት ነው።"

"እና መተማ ምን ይሠራል?"

"ንጹሕ ከሆነ ለምን ቤቱ አልመጣም? አንዱ ሄዷል አባየ። አንዱ ይትረፍልን እንጂ።"

መኮትኮቻውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩኝም።

በማግስቱ፣ ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሰባት ሽማግሌና መስቀል የያዙ አንድ ቄስ ይዘን በሚኒባስ ሐሙሲት ሄድን። የሚሚ አባት የአቶ ዓለምነው ደጅ ዝናቡ ላይ ተቀመጥን። አባየ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ማንም አልወጣልንም። እኔ ከኋላ ቆሜ ውሃው በአንገታቸው ሲወርድ አያለሁ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ጫማዬ ውሃ አስገብቶ ነበር።

አቶ ዓለምነው ሲወጡ አባየ የተባለውን አሉ። "ልጄ አጥፍቷል። በሚካኤል ማሩን። የተረፈኝን አትንኩብኝ።"

ይሄኔ የሚሚ እናት እትዬ እቴነሽ ከውስጥ ብቅ አሉ። ያን ሰባት ቀን አንድ ጠብታ አላለቀሱም ነበር፤ "ልጄ መንገድ ጠፍቷት ነው፣ ትመጣለች" እያሉ ሥራቸውን ይሠሩ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። የአባየን ቃል ሲሰሙ ነጠላቸውን አሸርጠው፣ ደረታቸውን እየመቱ ደጁ ላይ ወደቁ። ይሻው ያን ሁሉ ቀን ጮሆ ያላሳመናቸውን እኛ በአንድ አፍ አሳመንናቸው። ልቅሶው የዚያኑ ቀን ተጀመረ።

አቶ ዓለምነው ድንጋዩን ከአባየ ላይ አነሱላቸው። "ትንሹን አንነካውም። ትልቁን ግን እግዜር ያግኘው" አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አንዱ ከአጥር ላይ ሆኖ ይቀርጸን ነበር። ደብረ ታቦር ሳንደርስ "አባት አመኑ" የሚል ቪዲዮ አገሩን ሞላው።

ማታ ላይ አቶ ማሩ ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ብሏል።

"ልጄ፣ ሰዎቹ ከተራራው ወረዱ። አባቱ ካመኑ፣ እሱም መተማ ከገባ፣ እኛ ምን እንሠራለን አሉ። ሬሳዋን ዝናቡ ሲያባራ እንፈልጋለን ብለዋል። ነገማ በወንዙ በኩል ገደሉን ልናይ አስበን ነበር።"

"ደግ አደረጋችሁ። ለምን ትደክማላችሁ?" አልኳቸው።

ለየሺዋስ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ ዋትሳፕ ላይ እጽፍለት ነበር። መጀመሪያ "የት ነህ"፣ ከዚያ "ስልክህን ክፈት"፣ ፎቶው ከወጣ በኋላ ስድብ። ሁሉም ላይ አንድ ራይት ብቻ ነው። አንድ ራይት ማለት ተልኳል፣ አልደረሰም። የዚያን ምሽት የመጨረሻውን ጻፍኩ፤ "ትተሃት የት ሄድክ?" አንድ ራይት። ከዚያ ወዲያ አልጻፍኩለትም።

ባምላኩ ትምህርቱን ቀጠለ። ወርቁ መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን አዙሮ ያልፈዋል። እኔም ሱቄን ከፈትኩ። አንዳንዱ ቻርጀር ሊገዛ ይመጣል፣ አንዳንዱ የገዳይ እህት ምን እንደምትመስል ሊያይ። ሁለቱንም አስተናግዳለሁ። አባየ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ ውጭ ነው የሚቆሙት። ሂዱ ያላቸው የለም።

ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ ቀትር ላይ፣ ለአንድ ደንበኛ ስልኩ ላይ መስታወት እየለጠፍኩለት ነበር። የእኔ ስልክ ጮኸ። የሺዋስ ይላል።

ከፈትኩት። የጻፍኩለት ሁሉ፣ አሥራ አንዱም፣ ዓይኔ እያየ ሁለት ሁለት ራይት ሆነ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። በሕይወት አለ። ስልኩን ከፈተ። ይሄን ሁሉ መከራ አባየን አብልቶ፣ እሱ የሆነ አገር ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። ከዚያ "ትተሃት የት ሄድክ?" ካልኩት ሥር የእሱ ጽሑፍ ገባ።

"አዙ ዛሬ ሐምሌ 6 ነው። መንገዱ ተደርምሶ ገደል ወርደናል። የሚሚ እግር ተሰብሯል። እኔ ደህና ነኝ። በወንዙ በኩል መውጣት እችል ነበር ግን ብርዱ ከባድ ነው፣ ትቻት አልሄድም። ኔትወርክ የለም፣ ሲያገኝ ይላክ ብዬ ነው። ሰው ላኩ።"

መስታወቱን ለጥፌ ጨረስኩ። ደንበኛው "አረፋ ሠራ እኮ" አለኝ። አነሳሁና እንደገና ለጠፍኩለት።

ከዚያ ደወልኩ። የማላውቀው ወንድ አነሳው፤ ፖሊስ ነኝ አለኝ፣ ከክምር ድንጋይ። "ስልኩን ቻርጅ አድርገን አሁን መክፈታችን ነው። ማን ልበል?"

"እህቱ ነኝ።"

ሣር አጫጆች ናቸው ያገኟቸው አለኝ። ከአለት ሥር፣ ሁለቱም፣ ጎን ለጎን። ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ነበር።

"ጃኬትስ ለብሷል? ጥቁር፣ እጅጌው ቀይ?" አልኩት።

"ጃኬቱ እሷ ላይ ነው" አለኝ። "እሱ በሸሚዝ ብቻ ነው።"

ስልኩን እንደዘጋሁ ሁለተኛ ጽሑፍ ገባ። አነበብኩት። ሱቁን ቆለፍኩና ወደ ጋፋት ሄድኩ።

ሐሙሲት አንድ ላይ ቀበርናቸው። አቶ ዓለምነው ናቸው አንድ ላይ ይሁኑ ያሉት። ወርቁ ከባምላኩ ጋር ሳጥን ተሸከመ። ይሻው ቪዲዮዎቹን አጥፍቶ አሁን ሌላ የጠፋች ልጅ ይዟል። እትዬ እቴነሽ ከቀብር በኋላ እጄን ይዘው "ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው?" አሉኝ።

"አልነበሩም ብቻቸውን፣ ሁለቱም" አልኳቸው። ሳሙኝ። ያን መሳም አሁንም ጉንጬ ላይ አውቀዋለሁ፤ ለእኔ የሚገባ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አባየ ከደጅ ተቀምጠው ጠሩኝ። ፊደል አይለዩም። "ጽፎልሻል አሉ። አንብቢልኝ" አሉኝ።

የመጀመሪያውን አነበብኩላቸው። "ትቻት አልሄድም" የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ፤ ደግሜ አነበብኩት። ለራሳቸው በቀስታ አሉት። ፊታቸው ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

"ሌላስ?" አሉ።

ሁለተኛው እጄ ላይ ክፍት ነበር።

"ሐምሌ 11። ከላይ ጥሩንባ ሰማን። ጮህኩ፣ የሰሙኝ መሰለኝ። ሚሚም ሰምታለች፣ ዛሬ ትንሽ ሳቀች። ቅርብ ናቸው አዙ፣ ነገ ይደርሱልናል።"

"ሌላ የለም አባየ" አልኳቸው።